የጉዞው የመጨረሻ ቀናትም ይጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በጉዞ ዓምዳችሁ ላይ በቡድን ሆነው፣ ሻንጣቸውን በጀርባቸው አዝለው ደቡብ ምሥራቅ እስያን ስለ ጎበኙ ወጣቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ሀዋሳ ሆኜ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሁለት ጊዜ ያነበብሁት ስለ ወደድሁት ነው፤ ሆኖም በሁለተኛው ንባብ ላይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ጽሑፉ ባንኮክ የተደረሰበትን ሌሊት፣ የገበያውን ግርግር፣ የቤተ መቅደሶቹን ወርቅ በዝርዝር ካተተ በኋላ የመጨረሻውን ሳምንት ሁሉም በደኅና እንደ ተመለሱ በሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ዘግቶታል። እኔ ራሴ ከእንዲህ ዓይነት ጉዞ የተመለስሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ ያች አንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ነገር እንደምትሸፍን አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በቡድን ለመጓዝ ገንዘብ እያጠራቀሙ ያሉ የከተማችን ሰዎች፣ የጉዞ መርሐ ግብር የሚያወጡላቸውም ወገኖች፣ ለመጨረሻዎቹ ቀናት ለመጀመሪያዎቹ የሚሰጡትን ያህል ሐሳብ እንዲሰጡ ለመለመን ነው።

እኛ ሰባት ነበርን። ሁላችንም የሀዋሳ ነዋሪዎች ስንሆን፣ ከመካከላችን በዕድሜ ታላቁ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። አንዲት ነርስ፣ አንድ ሱቅ አብረው የሚሠሩ ሁለት እህትማማቾች፣ አንድ የግንባታ ባለሙያ፣ ሞባይል የሚጠግን ታናሽ ወንድማችን የምንለው ወጣት፣ በመጨረሻም እኔ ነበርን። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሁ የጋራ ገንዘቡን እንድይዝ ተመረጥሁ። ከገና ማግስት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ከቦሌ ተነስተን፣ ከታይላንድ በሜኮንግ ወንዝ ላይ ሁለት ቀን በጀልባ ወደ ላኦስ፣ ከላኦስ ወደ ሰሜን ቬትናም፣ ከሃኖይ በባቡር ወደ ደቡብ፣ ከዚያም ወደ ካምቦዲያ ተሻግረን፣ በመጨረሻ ወደ ባንኮክ ተመልሰን ለመብረር 24 ቀናት ያዝን። አራት አገር በ24 ቀናት! ዛሬ ሳስበው ይህ ቁጥር ብቻውን ሊያስጠነቅቀን ይገባ ነበር።

መርሐ ግብሩን ያወጣልን ወገን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ የማይነቀፍ ሥራ ሠርቷል። ለምሳሌ ወደ ታይላንድ ሁለት ጊዜ የምንገባ መሆናችን በጊዜ ስለ ታሰበበት የሁላችንም ቪዛ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዞ ከባንኮክ ወደ ላኦስ የወጣ ሰው ለመመለሻ በረራው ሲመጣ ቪዛው አብቅቶ ስለሚያገኘው፣ ይህን የሚያነብ ተጓዥ ሁሉ ልብ ይበለው። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግን መርሐ ግብሩ ትንፋሽ አጠረው። ከካምቦዲያዋ ከተማ ከሲየም ሪፕ ጥር 19 ተነስተን ድንበር እንሻገራለን፤ በዚያው ተያይዘን የዝሆን ደሴት የሚል ትርጉም ያለው ስም ወዳላት ወደ ኮ ቻንግ ደሴት እንወርዳለን፤ አራት ሌሊት በባሕር ዳር አድረን ጥር 24 ባንኮክ እንገባለን፤ በዚያው ሌሊት እንበርራለን። አንድ መኪና ቢበላሽ፣ አንድ ሰው ቢታመም የሚተርፍ ግማሽ ቀን እንኳ አልነበረውም።

ሰውም ታመመ። ከእህትማማቾቹ ታናሺቱ ጥር 15 ማታ በካምቦዲያ ዋና ከተማ በፕኖም ፔን ድንገት ተንቀጠቀጠች፤ ከዓይኖቿ ጀርባ የሚወጋ ሕመም እንዳለባትና አጥንቷ እንደ ተቀጠቀጠ ሆኖ እንደሚሰማት ነገረችን። እኛ የሀዋሳ ልጆች ትኩሳት ሲባል ቶሎ የሚታየን ወባ ነው። ነርሷ እህታችን ግን የግንባታ ባለሙያው ከሻንጣው ያወጣውን አይቡፕሮፌን ከእጁ ተቀብላ መልሳ ከተተችው። «ደንጌ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ከፓራሲታሞል በቀር ምንም አትወስድም» አለች። ምክንያቱንም ስታስረዳን፣ አስፕሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን የመድማትን አደጋ የሚያባብሱ በመሆናቸው በትንኝ ንክሻ የሚተላለፈው የደንጌ ትኩሳት በተጠረጠረበት ሰው ላይ እንደማይሰጡ ነገረችን። ሲየም ሪፕ ደርሰን በአንድ ክሊኒክ ደሟ ሲመረመር እንደ ጠረጠረችው ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ በሽታ ያን ጊዜ የተማርሁትን አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። ደንጌ የሚያስፈራው ትኩሳቱ በሚያይልበት ሰዓት ሳይሆን ትኩሳቱ ሲበርድ ነው። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ሙቀቱ ይወርድና ቤተሰቡ ተመስገን ብሎ ሲያርፍ፣ በከባዱ ዓይነት የተያዘው ሕመምተኛ ግን ያኔ ነው ሆዱን አጥብቆ የሚያመው፣ ደጋግሞ የሚያስታውከው፣ ከድዱ ወይም ከአፍንጫው የሚደማው። የበሽታው ብቸኛ ሕክምና ፈሳሽ መስጠትና በቅርብ መከታተል ነው። ስለዚህ ነርሷ ጥር 19 ልጅቱ ላብ በላብ ሆና ትኩሳቱ ሲለቃት እኛ ደስ ብሎን ሻንጣ ልናሰናዳ ስንነሳ፣ «ገና ሁለት ቀን» ብላ አስቀመጠችን። በየቀኑ የደም ፕላትሌቷ፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል፣ ተቆጠረ። ኮ ቻንግ ቀረች። ለደሴቲቱ ማረፊያ እያንዳንዳችን አስቀድመን የከፈልነው 40 ዶላርም አልተመለሰም።

በእነዚያ የጥበቃ ቀናት ሥራ አልፈታንም። አንኮር ለሚባሉት ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች የገዛነው የሦስት ቀን መግቢያ ዋጋው 62 ዶላር ሲሆን፣ በአሥር ቀን ውስጥ በፈቀድነው ሦስት ቀን የሚሠራ በመሆኑ በተራ በተራ እየሄድን፣ ከታማሚዋ አጠገብ ሁልጊዜ ሁለት ሰው እያስቀረን ጎበኘን። አንድ ቀን ደግሞ ጋሼ፣ ታናሽ ወንድማችንና እኔ ወደ ቶንሌ ሳፕ ሐይቅ ወረድን። ጋሼ ለአርባ ዓመት ያህል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያስተምሩት የኖሩትን ነገር በዓይናቸው ለማየት ነበር የሄዱት፤ ይህ ሐይቅ በዝናብ ወራት ሜኮንግ ሲሞላ ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለሚፈስበት ስፋቱ በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ በበጋ ደግሞ ወንዙ አቅጣጫውን ቀይሮ ሐይቁ ይጎድላል። ቤቶቹ በረጃጅም ቋሚዎች ላይ ተሰቅለዋል። ዓሣ የሚገፍፉትን ሴቶች፣ በአናታቸው ላይ የሚያንዣብቡትንም ወፎች ሳይ የሀዋሳችን የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል የቆምሁ መሰለኝ፤ አባ ኮዳ የምንለው ትልቅ ወፍ ብቻ ነው የጎደለው። ይህንኑ ለታናሽ ወንድማችን ስነግረው ውኃውን ለረጅም ጊዜ አየና፣ «ሐይቅማ አገሬም አለ፤ እኔ ልረግጥ የመጣሁት ባሕር ነበር» አለኝ።

ይህን ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ቬትናም ውስጥ ከህዌ ወደ ዳ ናንግ ባቡሩ በሐይ ቫን ተራራ ወገብ ላይ ባሕሩን ቁልቁል እያየ ሲሄድ፣ እርሱ ግንባሩን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ እንደ ሕፃን ሲመለከት እንደ ነበርም አይቻለሁ። በዕድሜው ባሕር ያየው ያን ዕለት ነው፤ ያውም በመስኮት። እኔ ግን በዚያች ሰዓት በልቤ የነበረው የክሊኒኩ ሒሳብ ነበር።

ጥር 21 ልጅቱ እንድትጓዝ ስለ ተፈቀደላት በአውቶቡስ ወደ ድንበር ከተማዋ ፖይፔት ወጥተን ድንበሩን በእግር ተሻገርን። (ከወራት በኋላ፣ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች ወታደሮች መካከል ውጊያ ተነስቶ በዚያ ድንበር አካባቢ የነበሩ ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ሲሸሹ በቴሌቪዥን ሳይ፣ ማኅተም ስንጠብቅ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ታማሚያችንን ያስቀመጠችልን ካምቦዲያዊት ሻይ ሻጭ ትዝ አለችኝ፤ የት ትሆን?) ባንኮክ ስንደርስ የቻይናውያን አዲስ ዓመት ስለ ነበር የያዋራት ሠፈር በቀይ ፋኖስ አሸብርቆ ነበር፤ ከተማው ግን በጭስ ታፍኖ ነበር። በዚያ ወር የባንኮክ አየር እጅግ ከመበከሉ የተነሳ ከ300 በላይ ትምህርት ቤቶች የተዘጉባቸው ቀናት ነበሩ፤ መንግሥትም ሰዉ መኪናውን አቁሞ በባቡርና በአውቶቡስ እንዲሄድ ሲል ለአንድ ሳምንት፣ እስከ ጥር 23 ድረስ፣ የከተማውን የሕዝብ መጓጓዣ በነፃ አደረገ። ስለዚህ በሕመም ምክንያት ያልታሰቡ ሦስት ባዶ ቀናት፣ ነፃ ባቡርም አገኘን።

ስለነዚህ ሦስት ቀናት ነው መጻፍ የምፈልገው። ማንም በመርሐ ግብር ላይ አልጻፋቸውም፤ ከጉዞው ሁሉ አብልጬ የማስታውሳቸው ግን እነርሱን ነው። ሃያ ቀን ሙሉ ስንሮጥ ስለ ነበር እርስ በርስ በደንብ ተያይተን አናውቅም ነበር። ያረፍንበት ቤት ከቻዎ ፕራያ ወንዝ አጠገብ ሲሆን፣ ተደራራቢ አልጋ ያለባቸው ሁለት ክፍሎችና ጠባብ ማዕድ ቤት ነበሩት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ 2568 ይላል። ጋሼ ከፊቱ ቆመው በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ታይላንዶች ከፈረንጆቹ 543 ዓመት እንደሚቀድሙ፣ እኛ ደግሞ በጥር ወር ከፈረንጆቹ ስምንት ዓመት እንደምንዘገይ አስልተው፣ በእኛና በእነርሱ መካከል 551 ዓመት እንዳለ ለቤቱ ጠባቂ በእንግሊዝኛ ሊያስረዱት ሲሞክሩ፣ እርሱም እየሳቀ ወረቀት ሲያቀብላቸው አየሁ። ከበሩ ፊት ለፊት የኑድል ሾርባ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ መቼ እንደሚከፍቱ ስንጠይቃቸው አንድ ጣታቸውን አንስተው «ኑንግ ቱም» አሉን። አንድ ጀርመናዊ መንገደኛ ለቀን ሰባት ሰዓት ቆጥሮት ቀድሞ ሄዶ ዝግ ሆኖ ጠበቀው። እኛ ግን ወዲያው ገባን፤ የድሮው የታይላንድ አቆጣጠርም እንደ እኛው ፀሐይ ከገባች በኋላ ያለውን ሰዓት አንድ ብሎ ስለሚጀምር፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሁላችንም እርሳቸው ዘንድ ተገኘን። ሰዓታችንን የሚያውቅ ሰው በዚያ ሁሉ ርቀት ማግኘት ምን ያህል ልብ እንደሚያሞቅ ልገልጸው አልችልም።

በሁለተኛው ምሽት፣ ጥር 22፣ በእኚሁ እናት ጠረጴዛ ላይ የጋራ ገንዘቡን ደብተር ገለጥሁ። እያንዳንዳችን 150 ዶላር፣ በድምሩ 1,050 ዶላር አዋጥተን ነበር፤ ለከተማ መጓጓዣ፣ ለውኃ፣ ለጋራ እራት፣ ለጀልባና ለአስጎብኚ እንዲሆን። ሲየም ሪፕ ስንደርስ 412 ዶላር ቀርቶ ነበር። ከዚያ ላይ 265 ዶላር ለክሊኒክ ከፍያለሁ። ይህን እያነበብሁ ሳለ ታናሽ ወንድማችን ማንኪያውን አስቀመጠ። ሃያ ቀን ሙሉ እንደ ታላቅ ወንድሙ «አንተ» ሲለኝ የነበረው ልጅ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ማንን ጠይቀው ነው የከፈሉት?» አለኝ። ከጥያቄው ይልቅ «እርስዎ» መባሌ ነው ያስደነገጠኝ። አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ እንዲህ ያለው አክብሮት መቼ እንደሚያርቅ ያውቃል።

እውነቱን ለመናገር ማንንም አልጠየቅሁም። ሰው ታሞ ሒሳብ ይቆጠራል ወይ ብዬ ነበር። ታላቂቱ እህት እኔ እከፍላለሁ ብትልም አይሆንም ብዬ የከለከልኋት እኔ ነኝ። ነገር ግን ገንዘቡ የሰባት ሰው ነው፤ ወጣቱም ለዚህ ጉዞ ሁለት ዓመት እቁብ ጥሎ፣ ሌሊት ሌሊት ስልክ ጠግኖ ያጠራቀመ ነው። ታማሚዋ የጉዞ ኢንሹራንስ ነበራት፤ እኔ ምርመራውን የሚገልጸውን ወረቀትና ዋናውን ደረሰኝ ከክሊኒኩ በወቅቱ ብቀበል ኖሮ ገንዘቡ ይመለስ እንደ ነበር የተረዳሁት በኋላ ነው። እኔ የተቀበልሁት ድምሩ ብቻ የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት ነበር። ሃያ ዓመት በሒሳብ ሥራ ላይ ለኖርሁ ሰው ይህ ይቅር የማይባል ስሕተት ነው። እርሱ ያን ምሽት ይህን ሁሉ በተረጋጋ ድምፅ ዘረዘረው፤ የግንባታ ባለሙያው ጣልቃ ገብቶ «ለእህትህ ሕክምና ነው የምትከራከረው?» ሲለው ነው ድምፁ ከፍ ያለው። ታማሚዋ በዚያው ተቀምጣ ነበር። ተነስታ ወደ ክፍሏ ስትሄድ፣ እናትዮዋ ያልተነካ ሾርባዋን በሳህን ከድነው ተከትለው ወሰዱላት።

ጋሼ እንደ አገራችን ወግ ሊያሸማግሉ ሞከሩ፤ ጠዋት ሁላችሁም ትመጣላችሁ፣ አንድ በአንድ እሰማለሁ አሉ። ጠዋት ግን የወጣቱ አልጋ ተነጥፎ፣ አንሶላው ታጥፎ፣ የሻንጣ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ስልኩን አላነሳም። በቴሌግራም አንድ መልእክት ብቻ ላከ፤ አውሮፕላን ማረፊያ እንገናኝ የሚል።

የቀሩት ሁለት ቀናት በዝምታ አለፉ ማለት ይቻላል። በነፃው ባቡር ተሳፍረን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድን፤ ዋት ፖ ቤተ መቅደስ ገብተን 46 ሜትር የሚረዝመውን የተጋደመ ቡድሃ አየን፤ ስጦታ ገዛን። በመጨረሻው ምሽት ታላቂቱ እህት በነጠላ ጠቅልላ ከሀዋሳ ያመጣቻትን ትንሽ ጀበና አውጥታ የተረፈውን የሲዳማ ቡና በጠባቡ ማዕድ ቤት አፈላች። ቬትናም ውስጥ በየመንገዱ የኮንደንስድ ወተት የገባበት ጥቁር ቡና ጠጥተን አመስግነን ነበር፤ የቤታችን ቡና ሽታ ሲመጣ ግን ሁላችንም ዝም አልን። ስድስት ሲኒ ነው የተቀዳው። ታማሚዋ ሰባተኛውን ሲኒ ራሷ አምጥታ ከረከቦቱ ምትክ በተጠቀምንበት ሰፌድ መሰል ትሪ ላይ ደረደረችው። አቦልና ቶናው ተጠጣ፤ ለበረካው ውኃ ሲጨመር መኪናው መጣ።

እግረ መንገዴን ለተጓዦች አንድ ነገር ላሳስብ። በረራችን ከእኩለ ሌሊት ጥቂት አለፍ ብሎ ስለ ነበር ትኬቱ ላይ የተጻፈው ቀን የማግስቱ ነው። የእኛ ሰው ሌሊቱን ከዋዜማው ቀን ጋር ስለሚቆጥር በዚህ በቀላሉ ይሳሳታል፤ የግንባታ ባለሙያውም አንድ ቀን የቀረን መስሎት ልብሱን ለማጠቢያ ሰጥቶ ነበር። ማታ የሚነሳ ትኬት ያለው ሰው ከማረፊያው የሚወጣበትን ቀንና ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው።

ሱቫርናብሁሚ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ወጣቱ ሰልፍ ላይ ቀድሞን ቆሟል። ለጋሼ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ ለእኔ አንገቱን ነቀነቀ። ከጀርባ ሻንጣው ጎን ጫማዎቹ በማሰሪያቸው ተንጠልጥለዋል፤ ሶላቸው ላይ አሸዋ ደርቆባቸዋል። የእግሩም ጣቶች በሸበጡ ውስጥ በፀሐይ ተልጠው ነበር። ነርሷ እጄን ጎሸም አድርጋ አሳየችኝ። ባሕሩን ረግጦ ነው የመጣው፤ ብቻውን።

ክቡር አዘጋጅ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ የማይወጣው ይህ ነው። ሦስት ባዶ ቀናት ነበሩን። ከባንኮክ እስከ ፓታያ ያለው የባሕር ዳርቻ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ከመምጣት ያነሰ ማለት ነው። ነርሷ ታማሚዋን ጠብቃ፣ ሌሎቻችን አንድ ሚኒባስ ተኮናትረን፣ ጠዋት ሄደን ማታ መመለስ እንችል ነበር። በደብተሬ ውስጥም ለዚያ የሚበቃ ገንዘብ ነበር። ከሰባታችን አንድም ሰው አላነሳውም፤ እኔም ከእርሱ አፍ «ልረግጥ የመጣሁት ባሕር ነበር» የሚለውን ከሰማሁ አራት ቀን እንኳ ሳይሞላ አላሰብሁትም። ገንዘቡን ስቆጥር ሰውየው ምን እንደ ቀረበት አልቆጠርሁም። የጠየቀኝ ስለ 265 ዶላር ነበር፤ ይሁን እንጂ ባሕሩ ባይቀርበት ኖሮ ይጠይቀኝ ነበር ብዬ አላምንም።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ታሪክ ሲሰሙ ባዶ ቀን ባይኖራችሁ ኖሮ ጠቡም አይነሳም ነበር ይሉኛል። አልስማማም። ቅሬታው በሲየም ሪፕ ተወልዶ ነበር፤ በሩጫ ብናልፈው ኖሮ ሀዋሳ ድረስ ተሸክመነው እንገባ ነበር፤ በአንድ ከተማ እየኖርን ምክንያቱን ሳናውቅ በመንገድ ላይ እንተላለፍ ነበር። አሁን ቢያንስ ነገሩን አውቀዋለሁ፤ ጥፋቴም የቱ ጋ እንደ ሆነ አውቃለሁ።

ስለዚህ በከተማችን የቡድን ጉዞ የምታሰናዱ ወገኖችን የምለምነው እንዲህ ነው፦ ከአራት አገር አንዱን ቀንሳችሁም ቢሆን ከመመለሻው በረራ በፊት ያሉትን ሁለት ሦስት ቀናት በአንድ ከተማ፣ ያለ መርሐ ግብር ተዉአቸው። ተጓዦችም በእነዚያ ቀናት መጀመሪያ ላይ፣ ደብተር ከመገለጡ በፊት፣ ክብ ሠርተው ይቀመጡና እያንዳንዱ ሰው ምን እንደ ቀረበት ይናገር። የጋራ ገንዘብ ለሕመም ይውላል ወይስ አይውልም የሚለው ቤት ሳሉ ይወሰን፤ ገንዘብ ያዡም አንድ ሰው ብቻ አይሁን። ሕክምና የተደረገለት ሰው ምርመራውን የሚገልጸውን ማስረጃና ደረሰኙን ከክሊኒኩ ሳይወጣ ይቀበል። የጉዞው መጨረሻም ቦሌ አይደለም፤ የደንጌ ትኩሳት ከትንኟ ንክሻ በኋላ ከአራት እስከ አሥር ቀን ድረስ ቆይቶ ስለሚገለጥ፣ ከተመለሰ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ሰው ለሐኪሙ ከየት እንደ መጣ ይንገር። ከቡድናችን ሌላ አንድ ሰው ሀዋሳ ከገባን በአምስተኛው ቀን አተኩሶት በአንድ የጤና ተቋም የወባ ምርመራ ብቻ ተደርጎለት፣ ወባ የለህም ተብሎ አይቡፕሮፌን ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ተመልሷል። ነርሷ ደርሳ ባታስቆመው ኖሮ ይውጠው ነበር።

ጋዜጣችሁም የሚቀጥለውን የጉዞ ጽሑፍ ሲያትም፣ ጸሐፊውን ስለ መጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት እንድትጠይቁልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ማን ከማን ጋር ተቀምጦ እንደ በረረ፣ ሒሳቡ እንዴት እንደ ተዘጋ፣ ማን ሳይሰናበት እንደ ሄደ ቢጻፍ፣ ከሚቀጥሉት መንገደኞች አንዳንዶቹ ከእኛ ይሻላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የጋራው ሒሳብ ሲዘጋ የተረፈው 2,310 ባህት ነበር፤ ለሰባት ሲካፈል ለአንድ ሰው 330 ይደርሳል። ከክሊኒኩ ወጪ የእርሱን ድርሻ እህትማማቾቹ በብር መልሰውለት በሰው እጅ ልከውለት ነበር፤ አልቀበልም ብሎ መለሰው። ሁለቱም ፖስታዎች በደብተሩ ውስጥ ተቀምጠዋል። ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ ከሚያነቡት ሰዎች አንዱ እርሱ ስለሆነ፣ ይህን ደብዳቤ ያየው ይሆናል። የባሕሩን ነገር ሳልጠይቀው በመቅረቴ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእህትማማቾቹ ቤት ቡና አለ፤ ጋሼም ይመጣሉ። ቤቱን ያውቀዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ ሠራተኛ
ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ፣ ሀዋሳ